የአሮጌ ላንድክሩዘር የፊት ድምፅ፦ ኩሽኔታ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን ስለ አሮጌ ላንድክሩዘር የፊት ድምፅ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሹፌር ወደ ሹፌር ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ በአንድ ሳምንት አምስት ሰው ልኮልኛል። ከአምስቱ አንዱ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ጽሑፉን አንብቦ የሁለቱንም የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያስችለውን ባለ ሮለር ቀለበት) አስቀየረ፤ ገንዘቡን ከፍሎ ከጋራዡ በር ሲወጣ ያው ጉምጉምታ አብሮት ወጣ። «አሁን ምን ልቀይር?» ብሎ ደወለልኝ። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት በእሱ ምክንያት ነው።

ላላነበባችሁት፣ ጽሑፉ የሚለው ይህን ነው። ከፊት የሚመጣ ጉምጉምታ የኩሽኔታ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ባንዴ ቀይሩ። መሪ ስታዞሩ ቀጭ ቀጭ ካለ ሲቪ ጆይንቱ (ጎማው ታጥፎም ኃይል የሚያደርስለት መገጣጠሚያ) አልቋል፤ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ጉድጓድ ላይ ዷ የሚለው አሞርዛተሩ (ንዝረት ማብረጃው) ነው። መሪው ከተንቀጠቀጠ የመሪውን አሞርዛተር ቀይራችሁ አላይመንት አሠሩ። ከጎማው ውስጠኛ ጎን ዘይት ከታየ ግሪስ ሙሉበት። የኩሽኔታውን ዳዶ በደንብ አጥብቁ፤ ኩሽኔታ የሚበላው በላላ ዳዶ ነው። በመጨረሻም ከኦሪጂናል በቀር ሌላ ዕቃ አትንኩ ይላል።

ጸሐፊው ሥራውን የማያውቁ ሰው አይመስሉኝም። የፊት ድምፅን ችላ ማለት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል ማለታቸው ልክ ነው። ኩሽኔታ ሲቀየር ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ውስጥ ተመትቶ የሚገባው የውጪ ቀለበትም አብሮ ይቀየር ማለታቸውም ልክ ነው፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ላይ ገጥሞ ሒሳብ የሚቀበል ጋራዥ ዛሬም ሞልቷል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ምን እንደምንገዛ ይነግረናል እንጂ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እንዴት እንደምንለይ አንድ መስመር አላሰፈረም። ባልደረባዬን ያሳሳተውም ይኸው ነው።

የምናወራው ስለየትኛው መኪና እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር። ብዙ የነዳሁትና ብዙ የፈታሁት ሀርድ ቶፑን ነው፤ ከአርባ ምንጭ በኮንሶ ጅንካ፣ ከያቤሎ ወደ ታች በጠጠር መንገድ። 70 ሲሪየስ የሚባለው ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። በ1990 ባለ ስድስት ሲሊንደሩና 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ ሞተር ገባለት። በ1999 ደግሞ በሀርድ ቶፑና በፒክአፑ ላይ የፊት ባሌስትራ ቀርቶ በሞላ ተተካ፤ የጎማ ቡሎኑም ከስድስት ወደ አምስት ወረደ። የ1990ዎቹ 80 ሲሪየስ የቅርብ ዘመዳቸው ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው የፊት አክስላቸው ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ መሆኑ ነው። አክስሉ በሁለቱም ጫፍ ኳስ የመሰለ ክፍት ቤት አለው፤ ከዚህ በኋላ «ኳሱ» እለዋለሁ። ሲቪ ጆይንቱ ኳሱ ውስጥ በግሪስ ተውጦ ይቀመጣል። ከኳሱ ላይና ታች ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍባቸው ሁለት ትንንሽ የፔርኖ ኩሽኔታዎች አሉ። ወደ ውጪ ደግሞ ሞዞው ውስጥ የጎማው የራሱ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ። በአንድ ጎን ብቻ አራት ኩሽኔታ መኖሩን ልብ በሉ። ስለዚህ «ኩሽኔታ ነው» ያላችሁን መካኒክ «የትኛው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ወደ ጉምጉምታው እንምጣ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሀርድ ቶፑ ፎር ዊል የሚሆነው ሲፈለግ ብቻ ነው፤ የፊት ሞዞው ጫፍ ላይ «ፍሪ» እና «ሎክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መዞሪያ ተገጥሞለታል። ይህ መዞሪያ በነፃ ያገኛችሁት የመመርመሪያ መሣሪያ ነው። ሁለቱንም ጎን ፍሪ አድርጋችሁ በሁለት ጎማ ንዱ። በዚህ ሁኔታ የፊት ዲፈረንሻሉ፣ ግማሽ ዘንጎቹ፣ ሲቪ ጆይንቶቹና ከካምቢዮው ወደ ፊት የሚመጣው ዘንግ በሙሉ ቆመዋል። የሚዞሩት ጎማው፣ የጎማው ኩሽኔታዎችና የፍሬኑ ዲስክ ብቻ ናቸው። ድምፁ ከጠፋ የሞዞ ኩሽኔታ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ፍለጋችሁን ወደ ዲፈረንሻሉና ወደ ዘንጉ አዙሩ። ድምፁ ካልጠፋ ደግሞ ዲፈረንሻሉን አትንኩት። ቀጥሎ መዞሪያውን ሎክ አድርጋችሁ፣ ማርሹን ግን ሁለት ጎማ ላይ እንዳለ ትታችሁ እንደገና ንዱ። አሁን ጎማዎቹ ራሳቸው ዲፈረንሻሉንና ዘንጉን ያለ ሞተር ኃይል ያዞሯቸዋል። በመጨረሻ ጠጠር መንገድ ላይ ፎር ዊል አስገብታችሁ በኃይል ንዱ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ዘንጎቹ ተጠማዝዘው ራሳቸው ድምፅ ስለሚፈጥሩ የሌለ በሽታ ትፈልጋላችሁ። ድምፁ በየትኛው ደረጃ እንደመጣና በየትኛው እንደሄደ ወረቀት ላይ ጻፉት።

በፍሪም ያልጠፋ ጉምጉምታ ከሆነ ከኩሽኔታው በፊት የሚጠረጠረው ጎማው ነው። ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ገና አዲስ ሆኖም ያጉረመርማል፤ ትንሽ ካረጀ በኋላ ጥርሶቹ በአንድ ጎን እየተበሉ ድምፁን ያባብሱታል። መዳፋችሁን ጎማው ላይ ወደ ፊት፣ ከዚያም ወደ ኋላ አንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ የሚይዝ ከሆነ ተጠርጣሪውን አግኝታችኋል። መንገዱንም አድምጡ፦ የጎማ ድምፅ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ስትወጡ ይለወጣል፣ የኩሽኔታ ድምፅ ግን ብዙም ግድ የለውም። ከሁሉም የሚሻለው የፊቶቹን ጎማዎች ከኋላዎቹ ጋር መለዋወጥ ነው። ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ድምፁ ወደ ኋላ ከሄደ የጎማ ነው።

ኩሽኔታ መሆኑን ለማረጋገጥም መንገድ አለ። ሰፊና ባዶ መንገድ ላይ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይዛችሁ በቀስታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ አወዛውዙት። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ክብደቱ ግራው ጎማ ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ጉምጉምታው ካደገ የግራው ይጠረጠራል። ይህ ሁልጊዜ እንደማይሠራ አምናለሁ። ሁልጊዜ የሚሠራው ይኼኛው ነው፦ አክስሉን በክሪክ አንሡ፣ ከሥሩ ማቆሚያ አስገቡ (በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ)፣ አንድ እጃችሁን ሞላው ላይ አድርጋችሁ በሌላው ጎማውን አዙሩ። የተጎዳ ኩሽኔታ ጆሮ ሳይሰማው እጅ ይሰማዋል፤ ሞላው ውስጥ ደቃቅ አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል። ባሌስትራ ላለው መኪና ረዥም ካቻቢቴ ኳሱ ላይ ደግፋችሁ እጀታውን ጆሯችሁ ላይ አድርጉት።

ጎማው እንደተነሣ ላይና ታቹን ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ወዲያው ፍርድ አትስጡ። ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ አድርጉና ድገሙት። ፍሬን ሲረገጥ ሞዞው ኳሱን ከውጪ አቅፎ በፔርኖዎቹ ላይ ከሚታጠፈው ቤት ጋር አንድ ይሆናል። መነቅነቁ ከቆመ ልሉ የጎማው ኩሽኔታ ነበር። ፍሬን ተረግጦም ከተነቃነቀ ግን የፔርኖው ኩሽኔታ ነው። ሁለቱ የተለያየ ዕቃ፣ የተለያየ ሥራና የተለያየ ዋጋ ናቸው። ባልደረባዬ በሄደበት ጋራዥ ይህን ፍሬን ማንም አልረገጠም።

የዳዶው ነገር ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ነው፤ ምክንያቱም የጸሐፊው ምክር እዚህ ላይ ጤነኛ ኩሽኔታ ይገድላል። የላላ ኩሽኔታ እንደሚበላ እውነት ነው፤ የጠበቀ ኩሽኔታ ግን ይቃጠላል፣ ያውም ፈጥኖ። ሾጣጣ ሮለሮች መጠነኛ ጫና ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ካለፈ ይግላሉ፣ ግሪሱ ቀልጦ ይወጣል፣ ቀለበቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ በመጨረሻ የውስጡ ቀለበት ዘንጉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጎማው በግማሽ መንገድ ላይ ቢቀር የሚፈታው መዶሻ ሳይሆን ብየዳ ቤት ነው።

ትክክለኛው አጠባበቅ በግምት አይሆንም። የ80 ሲሪየስ የቶዮታ ጥገና መጽሐፍ የሚያዝዘው እንዲህ ነው፦ የውስጡን ዳዶ በ59 ኒውተን ሜትር ታጠብቃላችሁ፣ ኩሽኔታው እንዲቀመጥ ሞዞውን ደጋግማችሁ ታዞራላችሁ፣ ከዚያ ታላላላችሁ፣ እንደገና በ5.4 ኒውተን ሜትር ብቻ ትይዙታላችሁ። ከዚያም በሚዛን ትፈትሻላችሁ፦ ሞዞውን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ የጎማው ቡሎን ላይ ከ28 እስከ 56 ኒውተን መሳብ አለበት። የውጪው ማሰሪያ ዳዶ በ64 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። 28 እስከ 56 ኒውተን በእኛ ቋንቋ ከሦስት ኪሎ ገደማ እስከ ስድስት ኪሎ የማይሞላ ነው። እኔ የምጠቀምበት ገበያ ላይ የሚሸጠውን፣ ሥጋና ቅቤ የሚመዘንበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ነው። ካሊፐሩን (የፍሬኑን ሸራ የሚይዘውን) አነሣለሁ፣ ምክንያቱም የፍሬኑ ሸራ ከነካ ሚዛኑ ይዋሻል። መንጠቆውን ቡሎኑ ላይ አስገብቼ በጎን በኩል ቀስ አድርጌ እስባለሁ። መርፌው አራት ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ሞዞው ነቅነቅ ብሎ መዞር ከጀመረ ሥራው አልቋል። አንድ ኪሎ ላይ ከዞረ ልል ነው፣ አሥር ላይ ካልዞረ ታንቋል።

ዳዶውን የሚፈታውና የሚያስረው 54 ሚሊ ሜትር ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚጠልቅ ክብ ቁልፍ) ነው። ይህ ቡሶላ በሌለበት ጋራዥ ዳዶው በመሮና በመዶሻ ይመታል። የዳዶው ጠርዝ ተጎርዶ፣ ብረቱ ተላጦ፣ ፍርፋሪው ግሪሱ ውስጥ ገብቶ ስንቴ አይቻለሁ። አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ከሌላ ሁሉ በፊት ይህን ቡሶላ ገዝቶ መኪናው ውስጥ ቢያስቀምጥ እመክራለሁ፤ መካኒኩ ባይኖረው እንኳ ያውሰዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሃያ ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ሁለቱንም ሞዞ በእጅ ዳስሱ። ሞቅ ማለት ደንብ ነው። አንደኛው እጅ የማያስነካ ከሆነ ወይ ዳዶው ታንቋል ወይ ካሊፐሩ ይዟል።

ቀጭ ቀጭታውን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ ድረስ አብረን ነን። ፎር ዊል ገብቶ፣ መሪው እስከ ጫፍ ተጠምዝዞ፣ ነዳጅ ሲሰጠው የሚመጣ፣ ከጎማው መዞር ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ቀጭ ቀጭ በእርግጥ የሲቪ ጆይንት ነው። ግን እሳቸው የሰጡት ምሳሌ ከተማ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ የሚሰማ ድምፅ ነው። ሀርድ ቶፕ ከተማ ውስጥ በፍሪ ነው የሚነዳው። የማይዞር ሲቪ ጆይንት እንዴት ቀጭ ቀጭ ይላል? በፍሪ የሚሰማ ከሆነ የፍሬን ሸራውን መያዣ ሽቦ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ሸራ ሲቀየር ይጣልና ሸራው ቤቱ ውስጥ ይንገዋለላል፤ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትለውጡ አንዴ ቀጭ ይላል። የመሪውን ማቆሚያ ቡሎኖችም እዩ፤ ደርቀው ብረት ከብረት ሲገናኝ ይንጫጫሉ። ጣት ጫፍ ግሪስ ዝም ያሰኛቸዋል። ለ80 ሲሪየስ ባለቤቶች ግን ይህ ክርክሬ አይሠራም፦ አብዛኞቹ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ስለሚነዱ ሲቪ ጆይንታቸው ሳይቆም ይዞራል። እነሱ የመሐል ዲፈረንሻሉን ቆልፈው፣ ወደ ፊት የሚሄደውን ዘንግ ፈትተው፣ በኋላ ጎማ ብቻ ነድተው መሞከር ይችላሉ። ዘንጉን ስትፈቱ ሁለቱ ቁራጮች የተገናኙበት ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ በአንድ ጥርስ ተዛብቶ ከተገጠመ አዲስ ንዝረት ትገዛላችሁ።

«አይጠገንም» የሚለው ደግሞ ሙሉ እውነት አይደለም። ሲቪ ጆይንቱ ውስጥ ስድስት ኳሶች በስድስት ቦይ ውስጥ ይሄዳሉ። መኪና አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ስለሚነዳ ቦዩ የሚበላው በአንድ ጎኑ ነው። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ብትገጥሙት ጫናው ያልተበላው ጎን ላይ ይወድቃል። ይህ የቆየ የላንድክሩዘር ባለቤቶች ዘዴ ነው፤ እኔም ሠርቼው ድምፁ ጠፍቶልኛል። መያዣ ቀፎው ከተሰነጠቀ ወይም ቦዩ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካወጣ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ ይቀየር።

ጉድጓድ ላይ የሚሰማውን ዷታ ለአሞርዛተር ብቻ መስጠት ትክክል አይደለም። ያለቀ አሞርዛተር መኪናውን ያዘልለዋል፤ ድምፅ የሚያወጣው ጎሚኒው ካለቀ ወይም ቡሎኑ ከላላ ነው፣ ያ ደግሞ በሁለት የጎሚኒ ፍሬ ይድናል። በሞላ መኪኖች ላይ አዘውትሬ ያገኘሁት አክስሉን በአግድም ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ቦኮላ (ጫፉ ላይ የሚገባውን የጎሚኒ ቀለበት) ነው። በባሌስትራ መኪኖች ላይ የባሌስትራው ፔርኖና ቦኮላ ነው። ማወቂያው እንዲህ ነው፦ መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንድ ሰው መሪውን በአጭሩ ቶሎ ቶሎ ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። ሌላው ከሥር ተኝቶ ቴስቲናዎቹን (የመሪው ዘንጎች የሚገናኙባቸውን አንጓዎች)፣ የአግድሙን ዘንግ ሁለት ጫፎችና የመሪውን ሳጥን አንድ በአንድ በእጁ ይዳስስ። ልል የሆነው ቦታ መዳፍ ውስጥ ይመታል። የመሪው ሳጥን የታሰረበትን ሻንሲ በጨርቅ ጠርጋችሁ በባትሪ እዩት፤ ብዙ ጠጠር የበላ መኪና እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። እኔ አንድ ጊዜ ስንጥቁን ያገኘሁት አራት አሞርዛተር ከቀየርኩ በኋላ ነው፤ ለዚህም ነው በዚህ ነጥብ ላይ የምጠነክረው።

የመሪ መንቀጥቀጥ ይህን ያህል አያከራክርም። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ አንድ ጉድጓድ ስትመቱ መሪው ከእጃችሁ ሊወጣ የሚደርስበት ያ መንቀጥቀጥ ጎማ፣ ቴስቲና፣ የአግድሙ ዘንግ ቦኮላ ወይም የላላ የፔርኖ ኩሽኔታ ያመጣው ነው። የመሪው አሞርዛተር ያፍነዋል፣ አያድነውም። አዲስ ስትገጥሙ ለጥቂት ወራት ዝም ይላል፤ ከሥሩ ያለው ልልነት ግን እያደገ ይሄድና አንድ ቀን አዲሱንም ያሸንፈዋል። የጎማ ባላንስ በርካሹ ይፈተሻል፣ ከዚያ ይጀመር። የፔርኖው ኩሽኔታ እንደ ሞዞው ሁሉ በሚዛን ይለካል፦ ቴስቲናው ተፈትቶ፣ የኳሱ ፓራሊዮ (ዘይትና ግሪስ እንዳይወጣ የሚያግድ ቀለበት) ገና ሳይገጠም፣ የመሪው ክንድ ጫፍ ከሦስት እስከ ስድስት ኪሎ ሲሳብ መንቀሳቀስ አለበት። መጠኑ የሚስተካከለው ቀጫጭን ሽፋን ብረቶችን በመጨመርና በመቀነስ ነው፤ ሲገጣጠም እነዚህን ብረቶች የሚጥል መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። መኪናውን በሞላ ከፍ ያስደረጋችሁም የመሪው አንግል እንደተለወጠ እወቁ፤ ዕቃው ሁሉ ጤነኛ ሆኖ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ እዚያ ጋ ፈልጉ።

«ዘይት ካፈሰሰ ግሪስ ሙሉበት» የሚለው በጠጠር ላይ ሦስት ቀን የቀራችሁ ከሆነ ይሁን፤ እኔም ከኳሱ አናት ላይ ያለውን ታፕ ከፍቼ ጨምሬ ወደ ከተማ ገብቻለሁ። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ግን ግሪስ መድኃኒት አይሆንም። ከኳሱ የሚንጠባጠበው ቀጭን ጥቁር ሾርባ የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ግማሽ ዘንጉ ላይ ያለው የውስጥ ፓራሊዮ አልቆ ዘይቱ ወደ ኳሱ ገብቷል፣ ግሪሱን አቅጥኖታል። ግሪስ በጨመራችሁ ቁጥር ዘይቱ ያጥበዋል፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በዚያው ልክ ይደርቃል፣ ፍሬኑ ላይ ከደረሰም መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ሥራው ኳሱን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ በናፍጣ አጥቦ፣ ፓራሊዮዎቹን ቀይሮ፣ በሞሊብዲነም ግሪስ ሞልቶ መግጠም ነው። በጥንቃቄ ለሚሠራ ሰው ለሁለቱም ጎን አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እኔ ጠጠር ለሚበዛበት መኪና በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ እከፍተዋለሁ።

ፓራሊዮ ቀይራችሁ በወሩ ካፈሰሰ ደግሞ መካኒኩን ከመውቀሳችሁ በፊት የአክስሉን አናት እዩ። እዚያ ትንሽ መተንፈሻ አለች። አቧራና ጭቃ ሲደፍናት ዲፈረንሻሉ ሲግል አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በፓራሊዮው በኩል ይገፋል። ወንዝ ስትሻገሩ ደግሞ የጋለው አክስል በድንገት ይቀዘቅዝና በዚያው በፓራሊዮው በኩል ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል፤ በዚያ ዘይት አንድ ሳምንት እንኳ አትንዱ። መተንፈሻዋን በቤንዚን ማጠብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በመላው ጽሑፍ ውስጥ ስሟ አለመነሣቱ አሳዝኖኛል።

የኦሪጂናሉ ጉዳይ ይቀራል። ለፓራሊዮና ለኩሽኔታ ጥሩ ዕቃ ይገዛ በሚለው ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ እዚያ ላይ የሚቆጠብ ገንዘብ በእጥፍ ይከፈላል። ግን ገበያ ላይ የሚሸጠው ካርቶን እንጂ ጥራት አይደለም። የቶዮታ ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ማንም ያሳትማል። ቶዮታ ለእነዚህ አክስሎች ኩሽኔታ ከሚያመጣባቸው አንዱ ኮዮ ነው፤ ኮዮ ሴይኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቶዮዳ ማሽን ዎርክስ ጋር ተዋሕዶ ጄቴክት የሚባል ኩባንያ ሆኗል። ስለዚህ ካርቶኑን ትታችሁ ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዙሩት፤ የሠሪው ስምና ቁጥሩ ብረቱ ላይ በጥራት የተቀረጸ መሆን አለበት። በቀለም የታተመና ጥፍር የሚያነሣው ከሆነ መልሱት። ሶማሌ ተራ ከጃፓን መኪና የወጣ ያገለገለ ኩሽኔታ ብታገኙም በናፍጣ አጥባችሁ ሮለሩን አንድ በአንድ እዩት፤ ጤነኛ ከሆነ ካርቶኑ ከሚያምረው ሐሰተኛ አዲስ ይሻላል። ቦኮላ ላይ ግን እንደ ጸሐፊው አልከብድም፤ ደህና ስም ባለው የሌላ ፋብሪካ የጎሚኒ ቦኮላ ለዓመታት ነድቻለሁ።

ባልደረባዬ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። መዞሪያዎቹን ፍሪ አድርገን እስከ አደባባዩ ነዳን፣ ድምፁ አለ። ሎክ አድርገን ተመለስን፣ ያው ነው፤ አልጨመረም አልቀነሰም። መዳፌን የፊት ግራው ጎማ ላይ ወደ ኋላ ሳንሸራትት ጥርሱ ያዘኝ። እጁን ይዤ እሱንም አስዳሰስኩት፣ ዝም አለ። አራቱን ጎማ አለዋውጠን ስንወጣ ጉምጉምታው ከኋላ መቀመጫው ሥር መጣ። ያስቀየራቸው አሮጌ ኩሽኔታዎች በፌስታል ታስረው ከኋላ ተጥለው ነበር። ኮዮ ናቸው። በናፍጣ አጠብናቸው፣ ወደ ፀሐይ አዙረን እያንዳንዱን ሮለር አየን፤ አንዲት ጭረት የላቸውም። ግሪስ ቀብተን፣ እያንዳንዱን ከራሱ ቀለበት ጋር በጨርቅ ጠቅልለን፣ «ግራ» «ቀኝ» ብለን ጽፈን ከመቀመጫው ሥር አስቀመጥንለት። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጅንካ ይወርዳል።